ከአራስ ቤት እስከ ሲድኒ

«እንግዲህ ወልዳለች፤ አርፋ ልጇን ታሳድግ!» የሚለውን አነጋገር ያልሰማች ሠራተኛ እናት በመካከላችን ትገኝ ይሆን? አነጋገሩ ላይ ላዩን ሲሰሙት ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም እንደ ምርቃት የለሰለሰ ነው። ውስጡን ሲመረምሩት ግን ፍርድ ነው። ሴቲቱ እስከዚያች ዕለት የተማረችው ትምህርት፣ የለፋችበት ሙያ፣ ያካበተችው ልምድ ሁሉ በአንድ ልጅ መወለድ እንዳከተመ የሚቈጥር ፍርድ! ወንዱ ልጅ ሲወለድለት «አባት ሆነ፤ ኃላፊነት ይሰማዋል» ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ ይበልጥ ይታመናል እንጂ «በቃው» የሚለው ሰው የለም።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህን ፍርድ በእግሯ ስለ ሻረች አንዲት ሴት ነው። ስሟ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም፤ አትሌት ደራርቱ ቱሉ ናት። ስለ ድሏ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጨፍሯል። እኔ ግን በሁለቱ የኦሊምፒክ ወርቆቿ መካከል ስላሉት ጸጥ ያሉ ዓመታት ላነሣላችሁ እወዳለሁ። የእናንተና የእኔ ኑሮ የሚገኘው ከጭብጨባው ይልቅ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነውና።

አስቀድሜ ግን ይህን ሐሳብ ስላሳደረብኝ ሰፈር ጥቂት ልበል። የምኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ግርጌ ነው። ጉለሌ ሴቷ ሥራ ፈትታ የማታውቅበት ሰፈር ነው። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ ሴቷ ጥጡን ፈትላ ታቀርባለች፤ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ታቦካለች። የእንጦጦን አቀበት ደግሞ ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ሴቶች ሲመላለሱበት ኖረዋል። አንደኛዋ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ አጎንብሳ የምትወርደው እንጨት ለቃሚ ናት። ሁለተኛዋ ጎሕ ሳይቀድ የስፖርት ልብሷን ለብሳ ሽቅብ የምትሮጠው አትሌት ናት። አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ስትወጣ በመንገድ ይተላለፋሉ። ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም እንጀራቸውን የሚያገኙት በእግራቸውና በትንፋሻቸው ነው። ስለዚህም ሁለቱም ሲያረግዙና ሲወልዱ የሚነካው ሰውነታቸው ብቻ ሳይሆን ገበታቸውም ጭምር ነው።

አትሌቷን ወደ እንጦጦ የሚስባት ከፍታው ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ኦክስጅን የሚያመላልሱትን ቀያይ የደም ሕዋሳት በብዛት ማምረት ይገደዳል። በስስ አየር የሠለጠነ ሰው ወደ ቆላው ወርዶ ሲወዳደር ብርታት የሚሰማውም ስለዚህ ነው። ታዲያ ይህ ሥልጠና ለአንድ ሰሞን ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በየቀኑ፣ ብዙውን ጊዜም በቀን ሁለቴ፣ ለዓመታት የሚሠራ ነው። የሙያ ስፖርተኛ ሩጫዋ ጨዋታዋ ሳይሆን ሥራዋ ነው። ዋናው ገቢዋ ከውድድር ሽልማትና የስፖርት ዕቃ አምራቾች ከሚፈርሙላት ውል የሚመጣ በመሆኑ፣ ካልሮጠች ገቢዋ ይደርቃል።

ደራርቱ የተወለደችው በመጋቢት ወር 1964 ዓ.ም. በአርሲ በቆጂ ነው። በቆጂም እንደ እንጦጦ ደጋ ናት። እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ ከብት ስትጠብቅ፣ ቤት ስታግዝ አደገች። በትምህርት ቤት ውድድር እግሯ ፈጣን መሆኑ ታወቀና በ17 ዓመቷ በፖሊስ ሠራዊት ተቀጠረች። በ1981 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ሀገር ወጥታ በዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ ስትወዳደር 23ኛ ሆና ጨረሰች። በሚቀጥለው ዓመት 15ኛ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ሆነች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ዛሬ ልጆቻችን በመጀመሪያው ፈተና አነስተኛ ነጥብ ሲያመጡ የምንቈጣ እናቶች ይህችን 23ኛነት ብናስታውስ መልካም ነበር።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ደራርቱ ገና 20 ዓመቷ ነበር። በመጨረሻው ዙር ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ተፈትልካ ወጥታ በ31 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ አሸነፈች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከኦሊምፒክ ርቃ ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ጥቁሯ አሸናፊና ነጯ ተሸናፊ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ የታዩበት ምስል እስከ ዛሬ ከሰው ልብ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ሁሉም የድል አልነበሩም። ጉዳት ከውድድር ያራቃት ጊዜ አለ። በ1987 ዓ.ም. ለዓለም አገር አቋራጭ ወደ እንግሊዝ ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ 24 ሰዓት ያህል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቆይታ፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ደርሳ አሸነፈች ተብሎ በሰፊው ተነግሮላታል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ግን ከነሕመሟ ሮጣ አራተኛ ሆነችና ያለ ሜዳልያ ተመለሰች። በ1989 ዓ.ም. በጣልያን ቱሪን እንደገና የአገር አቋራጭ አሸናፊ ሆነች።

ከዚያም ልጅ ወለደች።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁለት ዓመታት የስፖርት ገጾች በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኛ ግን አንልፋቸው። ከወሊድ የተነሣች ሴት ሰውነቷ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለእናቶች መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። የሆድ ጡንቻ ይላላል፤ መገጣጠሚያ ይለሰልሳል፤ ክብደት ይጨምራል፤ እንቅልፍ ይቈራረጣል፤ ጡት በየሰዓቱ ይፈለጋል። የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ሴት ይህን ሁሉ በቀሚሷ ሸፍና ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ሯጭ ግን የምትሸፍንበት የላትም። ሰውነቷ ራሱ መሣሪያዋ ነውና፣ መጠገኑን ሰዓት ቈጣሪው ያሳብቅባታል። የሮጠችው እንደ ድሮው ካልሆነ ዓለም ሁሉ ያያል።

ደራርቱ ተመለሰች። በመጋቢት 1992 ዓ.ም. በፖርቱጋል ቪላሙራ የዓለም አገር አቋራጭን ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ስድስት ወር ቈይቶ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ለ10,000 ሜትር ተሰለፈች።

ያን ቅዳሜ አስታውሰዋለሁ። የ11 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት በመሆኑ የሰፈሩ ሴቶች ከነፈትላቸውና ከነጨቅላዎቻቸው እዚያ ተሰብስበው ነበር። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አብዛኛውን ዙር ስትመራ ሴቶቹ «ኧረ ይቺ ልጅ አትደክምም እንዴ!» ይሉ ነበር። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ደራርቱ ተስፈነጠረች። በ30 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደች፤ ጌጤ ዋሚ ብሩን ደገመች። ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ ሁሉም ስለ ወርቁ ይጮኻል። ልጇን ጡት የምታጠባ አንዲት ጎረቤታችን ግን ዝም ብላ ቈይታ፣ «ወልዳ ነው አሉ እኮ ይህን የሮጠችው!» አለች። በልጅነት አእምሮዬ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ «ታዲያ ብትወልድስ?» ብዬ አሰብሁ። የዚያች ሴት ድምፅ የገባኝ እኔም ወልጄ ወደ ሥራዬ ስመለስ ነው።

በዚያው በ1993 ዓ.ም. የሆነውን ልቍጠርላችሁ። ዓመቱ በሲድኒ ወርቅ ጀመረ። በሚያዝያ ደራርቱ የለንደንን ማራቶን አሸነፈች። በነሐሴ በካናዳ ኤድመንተን በዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር አንደኛ ሆነች፤ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ ተከትለዋት ሦስቱም ሜዳልያ የኢትዮጵያ ሆነ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ በአንድ የኛ ዓመት ውስጥ! «አበቃላት» የምትባለው እናት በሕይወቷ የበለጠውን ዓመት ያሳለፈችው ከወለደች በኋላ ነው።

በዚህም አላበቃችም። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በዚያ ውድድር ራድክሊፍ ሕመም ተሰምቷት ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ «አይዞሽ፣ ነይ» እያለች ታበረታታት እንደነበር በጊዜው ብዙ ተነግሯል። ራድክሊፍም እናት ናት፤ ልጅ በወለደች በዓመቱ ውስጥ ይህንኑ የኒው ዮርክ ማራቶን አሸንፋ ነበር። ከሩጫ በኋላም ደራርቱ በ2011 ዓ.ም. ከኃይሌ ገብረሥላሴ ቀጥላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መምራት ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ኃላፊነቱን ስለሺ ስኅን ተረክቧታል። ከእርሷ በኋላ የመጡ እኅቶቿም መንገዱን አልሳቱም። ጥሩነሽ ዲባባ በ2007 ዓ.ም. ወልዳ፣ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝታለች።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለና እንጠንቀቅ። ይህን ታሪክ ሰምቶ «አያችሁ፣ ደራርቱ ወልዳ ወርቅ አመጣች፤ እናንተ ደግሞ ቢሮ መጥታችሁ መቀመጥ አቃታችሁ!» የሚል አለቃ አይጠፋም። «የእገሌ ሚስት ወልዳ በሳምንቷ ውኃ ቀዳች» እያለ የሚያወዳድር ባልም አይጠፋም። የደራርቱ ታሪክ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው። የተመለሰችው በሳምንቷ አይደለም። ሁለት ዓመት ከታላላቆቹ ውድድሮች ርቃ ቈይታለች። ስትመለስም ስሟ ከመዝገብ አልተፋቀም ነበር፤ የምትለካው በወለደችው ልጅ ሳይሆን በእግሯ ነበር። የሚበቃ ጊዜና ያልተዘጋ በር ማግኘቷ ነው ቁም ነገሩ።

እናቶቻችን የመጀመሪያውን፣ ማለት ጊዜን፣ በሚገባ ያውቁበት ነበር። አራስ ቤት ምን እንደሆነ አስቡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ጎረቤቱ በሙሉ ይመጣል። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይሞቃል፤ ቅቤው ይቀባል። አራሷ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትነካ፣ ከባድ እንዳታነሣ ትጠበቃለች። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታበስላለች፣ አንዷ ሕፃኑን ትይዛለች። የትኛው ሐኪም ነው ከዚህ የተሻለ የሚያዝ? ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እንክብካቤ በክርስትናው ቀን ያበቃል። ድግሱ ተበልቶ ድንኳኑ ሲፈርስ እናቲቱ ከነሕፃኗ ብቻዋን ትቀራለች። እውነተኛው አቀበት የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው፤ ወደ ሥራ የምትመለሰው ያን ጊዜ ነውና።

በግቢያችን አንዲት ወጣት እናት አለች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲቃረብ ወደ እኔ መጥታ፣ «እትዬ፣ ሥራዬን ልተወው ነው» አለችኝ። ምነው ብላት፣ «ልጄን የሚይዝልኝ የለም፤ ለሞግዚት የምከፍለው ደመወዜን ሊጨርሰው ነው። ባሌም "ታዲያ ምን ያደክምሻል?" አለኝ» አለች። አምስት ዓመት የሠራችበት ሙያ ነው። መኪናውን ከሌሎች በፍጥነት የምታንቀሳቅስ፣ አዲስ ገቢዎችን የምታሠለጥን ሴት ናት። ሒሳቧን ስሰማ አልተሳሳተችም። የተሳሳተው ሒሳቡን ለእርሷ ብቻ የተወላት አካባቢዋ ነው። የሞግዚቱ ክፍያ ከእናቲቱ ደመወዝ ብቻ እንዲቀነስ ማን ደነገገ? ልጁ የሁለቱ ከሆነ ወጪው ለምን የአንዷ ይሆናል?

እኔም ብሆን ተመሳሳዩን ቀምሼዋለሁ። ከወሊድ ተመልሼ በገባሁበት መሥሪያ ቤት የቀድሞ ሥራዬ ለሌላ ተሰጥቶ ቆየኝ። የክፍሉ ኃላፊ በመልካም ፊት፣ «አንቺ አሁን እናት ነሽ፤ ከቢሮ የማያስወጣ ቀለል ያለ ሥራ ይሻልሻል» አሉኝ። ያሰቡልኝ ይመስላቸው ነበር። ያን ዕለት የጎረቤታችን ድምፅ ትዝ አለኝ፤ «ወልዳ ነው እኮ ይህን የሮጠችው!» ሩጫዬን ለመሮጥ እንኳ ሜዳውን አልሰጡኝም ነበርና። ሜዳውን ለማስመለስ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። እናቴ ልጄን ባትይዝልኝ፣ ባለቤቴም ማታ ማታ እንጀራ ማቅረቡንና ሕፃን ማባበሉን እንደ ውርደት ቢቈጥረው ኖሮ አላስመልሰውም ነበር።

ሕጉ አንዳንድ ነገር አድርጎልናል፤ ማወቅ መብታችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለወላዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። በቀድሞው ሕግ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ነበር። ዐዋጁ ነፍሰ ጡርና ከወለደች አራት ወር ያልሞላት ሠራተኛ ከሥራ እንዳትሰናበትም ጥበቃ ያደርጋል። ለአባትም ሦስት ቀን ፈቃድ አለው። ሦስት ቀን ለገንፎው እንጂ ለልጁ እንደማይበቃ ሳልናገር አላልፍም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ያለ ትግል አልተገኘም። አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፊሊክስ ከወለደች በኋላ ናይኪ ኩባንያ ውሏን በእጅጉ ቀንሶ ሊያድስ መፈለጉን እ.አ.አ. በ2019 በአደባባይ ጻፈች። ሌሎችም ተባበሯት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ኩባንያው በዚያው ዓመት ለወላድ ስፖርተኞች ውሉን አሻሻለ። የጎልፍ ጨዋታን ደግሞ እንመልከት። ትንሿን ኳስ በዘንግ እየመቱ በሰፊ መስክ ላይ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚያደርሱበት ጨዋታ ነው። ናንሲ ሎፔዝ የምትባል አሜሪካዊት የጎልፍ ባለሙያ ሦስት ሴቶች ልጆች እያሳደገች ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፋለች። እ.አ.አ. ከ1993 ጀምሮ የአሜሪካ ሴቶች የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ከውድድር ወደ ውድድር አብሮ የሚጓዝ የሕፃናት ማቆያ አቋቋመ። እናቲቱ ኳሷን ስትመታ ልጇ እዚያው አጠገቧ ይጠበቃል። በየከተማው የሚዞር ውድድር የሕፃናት ማቆያ ይዞ መዞር ከቻለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ፋብሪካ አንዲት ክፍል ለመመደብ ምን ያግደዋል?

ስለዚህ ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ከወለደች በኋላ «ምን ያደክምሻል?» ከማለት ይልቅ «ማን ይያዝልን?» በሉ። «ልን» የምትለዋ ትንሽ ቅጥያ ትልቅ ነገር ትሠራለች። አሠሪዎች፣ የወለደችውን ሠራተኛ ቀድሞ የነበረችበት ቦታ መልሷት፤ ችሎታዋን ሥራዋ ይናገር። ጎረቤቶች፣ በአራስ ቤት ያሳያችሁትን ደግነት ከክርስትናው በኋላም ጥቂት ቀጥሉበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ጨቅላ ካለ፣ አምስት እናቶች ተነጋግረው አንዲት ሞግዚት በጋራ ቢቀጥሩ ለማንኛቸውም አይከብድም። እኛ በግቢያችን ይህን ለመሞከር ተነጋግረን ሦስት እናቶች ተስማምተናል፤ ያቺ የልብስ ሰፊዋ እናትም አንዷ ናት።

አንቺም እኅቴ፣ ሰውነትሽ እንደ ድሮው አልታዘዝ ሲልሽ፣ የለመድሽው ሥራ ባዕድ ሲሆንብሽ፣ «በቃኝ» ለማለት አትቸኩዪ። ያ ጊዜ ይኖራል። ለደራርቱም ኖሯል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይል የነበረው ተረት ባርሴሎና ላይ ተሰብሯል፤ «ወልዳለችና አበቃላት» የሚለው ደግሞ ሲድኒ ላይ ተሰብሯል። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው። በ20ኛው ዙር ላይ ወደ ኋላ የቀረች ሁሉ ተሸንፋለች ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ደወል ገና አልተደወለምና።